«ፍሬንማ አለው»፦ ለወሎ ቁልቁለት ሳይክል ስትመርጡ

ክረምት ሊገባ ሲል የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ማውንቴን ሳይክል ልገዛ ነው» አለኝ። ባለ 21 ማርሽ ነው፣ ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር አለው፣ ቀለሙም ያምራል። ልጁ የሚኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ሐሳቡ በየቀኑ ሥራ ሊመላለስበት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እናቱን ሊጠይቅ ኮምቦልቻ ሊወርድበት ነው። «ፍሬኑ ምን ዓይነት ነው?» አልኩት። ዝም አለ። ቆየት ብሎ «ፍሬንማ አለው» አለኝ።

ብዙዎቻችን ሳይክል ስንገዛ እንደ እሱ ነን። መጀመሪያ ቀለሙን እናያለን፣ ቀጥሎ የማርሹን ብዛት። ፍሬን ሁሉም ሳይክል ላይ ስላለ አንድ ዓይነት ይመስለናል። ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው ይህ ብዙም አይጎዳም። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላይ ፔዳል መምታት ስታቆሙ ሳይክሉ ራሱ ቀስ እያለ ይቆማል። ደሴ ላይ አይቆምም። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ ነው የተቀመጠችው። ከቤት ስትወጡ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። የሐረጎን ቁልቁለት ይዛችሁ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱማ ፔዳል ሳትነኩ ከኤሱዙ እኩል ትሮጣላችሁ።

ስለዚህ ወሎ ውስጥ ሳይክል ስትመርጡ ከፍሬኑ ጀምሩ። ፍሬኑን ስትመርጡ ደግሞ «ሲበላሽ እዚሁ ማን ይሠራልኛል? መለዋወጫውንስ የት አገኛለሁ?» ከሚለው ጀምሩ። ቀለሙም ማርሹም ከዚያ በኋላ ይደረስባቸዋል።

ፍሬንና ሙቀት

ፍሬን ሳይክሉን የሚያቆመው ፍጥነቱን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ሁለት ነገሮች ይፋተጋሉ፣ ይሞቃሉ፣ ሙቀቱ ወደ አየር ይሄዳል። ነገሩ ይኸው ነው። ችግር የሚመጣው የሚፈጠረው ሙቀት ከሚወጣው ሲበልጥና ሲከማች ነው።

በቁጥር እንየው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,900 ሜትር ገደማ። ልዩነቱ 600 ሜትር አካባቢ ነው። እናንተና ሳይክላችሁ አንድ ላይ 85 ኪሎ ብትመዝኑ፣ ያን ሁሉ ስትወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት 500 ሺህ ጁል ያህል ነው። ጁል ለማይገባው ሰው እንዲህ ልበለው፦ አንድ ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ድረስ የሚያሞቅ ጉልበት ነው። ለትልቅ ጀበና ቡና ይተርፋል። እርግጥ ነው፣ ከዚያ ላይ ነፋሱ ድርሻውን ይወስዳል። በፈጠናችሁ መጠን ነፋሱ ብዙ ይወስዳል። ፍሬን ይዛችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ከወረዳችሁ ግን አብዛኛው ሙቀት የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። ያም ማለት በአንዲት ቁራጭ ጎማ ወይም በአንድ ስስ ብረት ላይ።

ማውንቴን ሳይክል ራሱ የተወለደው ከዚሁ ችግር ጋር ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ማሪን በሚባል አካባቢ፣ ወጣቶች አሮጌና ከባድ ሳይክል እየያዙ ተራራ ይወርዱ ነበር። ፍሬኑ ያኔ የኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ነበር፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ይይዛል። የሚወዷት አንዲት የአፈር መንገድ ነበረች። ከአናቷ እስከ ታች የምትወርደው ከፍታ 400 ሜትር ገደማ ነው። ታች ሲደርሱ እምብርቱ ውስጥ ያለው ግራሶ በሙቀት ተቃጥሎ ይጨስ ነበር። ስለዚህ በወረዱ ቁጥር ፈትተው አዲስ ግራሶ ይሞላሉ። መንገዷም «ሪፓክ» የሚል ስም ወጣላት፣ «እንደገና ሙላ» እንደ ማለት ነው። በ1976 እዚያችው መንገድ ላይ የቁልቁለት ውድድር ጀመሩ። የዛሬዎቹ ማውንቴን ሳይክሎች ከእነዚያ ልጆች ሙከራ የመጡ ናቸው። የእነሱ መንገድ አጭርና በጣም ቁልቁል ነው። የእኛ ረዘም ያለ ሆኖ፣ ቁመቱ ከእነሱ በ200 ሜትር ይበልጣል።

ቸርኬ የሚጨብጠው ፍሬን

ቪ ፍሬን የሚባለው ነው። ሁለት ክንዶች ከግራና ከቀኝ ቸርኬውን ይጨብጣሉ። የሚሠራው በሽቦ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው። መፍቻና ፒንሳ ያለው ሰው ያስተካክለዋል፤ የፍሬኑ ጎማ ሲያልቅም ብዙ ሳትለፉ ታገኙታላችሁ። በደረቅ መንገድ በደንብ ከተስተካከለ አሳምሮ ይይዛል። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልገውም ባይ ነኝ።

ድክመቱ ዝናብ ነው። ቸርኬው ለመሬት ቅርብ ስለሆነ ውሃውንም ጭቃውንም ይሰበስባል። ፍሬን ስትይዙ የፍሬኑ ጎማ መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጋል፣ መያዝ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቁልቁለት ላይ ያቺ ጊዜ ብዙ ሜትር ናት። ጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ ደግሞ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ከነዳችሁ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ብዙ ቸርኬዎች ላይ ዙሪያውን የምትሄድ ቀጭን ጉድጓድ መስመር አለች። እሷ ከጠፋች ቸርኬው ሳስቷል ማለት ነው፤ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ቀይሩት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ የብረት ቸርኬ ላይ ቪ ፍሬን የገጠሙ ሳይክሎች አሉ። ሱቅ ውስጥ ዓይን ይማርካሉ። ዝናብ ሲነካቸው ግን ፍሬናቸው የለም ማለት ይቻላል፣ ይንሸራተታል። ትንሽ ማግኔት በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቸርኬው ላይ ከተለጠፈ ብረት ነው። ካልተለጠፈ አሉሚኒየም ነው። ቪ ፍሬን የምትገዙ ከሆነ አሉሚኒየም ቸርኬ ብቻ ግዙ።

ሌላው ችግር ሐረጎን የመሰለ ረጅም ቁልቁለት ነው። ሙቀቱ የሚያርፈው ቸርኬው ላይ ነው፣ ከቸርኬው ሥር ደግሞ ከመነዳሪው አለ። ፍሬኑን ሳትለቁ ለረጅም ጊዜ ከያዛችሁ ከመነዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። መታጠፊያ ላይ የፊት ጎማ ሲፈነዳ ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልገኝም።

የድሮው ትልልቅ ሳይክል ላይ ያለው የብረት ዘንግ ፍሬን ለሜዳ ነው። ቁልቁለት ላይ አታስቡት።

ዲስክ፦ በሽቦ ወይስ በዘይት?

ዲስክ ፍሬን ላይ የሚጨበጠው ቸርኬው ሳይሆን ጎማው መሃል የተገጠመ ስስ ክብ ብረት ነው። ከመሬት ራቅ ስለሚል ጭቃው ቶሎ አይደርስበትም። ቀዳዳዎቹ ውሃውን ያስወጡታል። ሙቀቱም ከከመነዳሪው ይርቃል። ደግሞ ቸርኬው ትንሽ ቢጣመም ፍሬኑ ምንም አይሆንም። በየቀኑ ኮብልስቶን ላይ ለሚነዳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህ ነው ደሴ ለሚኖር ሰው ዲስክ የምመክረው።

ግን ዲስክ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ በሽቦ ይሠራል፣ አንዱ በዘይት።

በሽቦ የሚሠራው እንደ ቪ ፍሬን ቀላል ነው። ሽቦው ሲበጠስ ቀይሮ መቀጠል ይቻላል። ጉዳዩ ማስተካከያው ላይ ነው። ርካሾቹ ላይ ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ከሚጨብጡት ሁለት ሸራዎች የሚንቀሳቀሰው የውጩ ብቻ ነው። የውስጡ ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። ውጩ ገፍቶ ዲስኩን ወደ ውስጡ ያጎብጠዋል፣ እንዲህ ሆኖ ይያዛል። ስለዚህ የውስጡ ሸራ ለዲስኩ በጣም መቅረብ አለበት። ሸራ ሲያልቅ ደግሞ ራሱን አያቀርብም፤ እናንተ ናችሁ የምታቀርቡት።

ይህን የተማርኩት መንገድ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ሳይክል ገዝቼ ነበር። «ፍሬኑን አስተካክለነዋል» ብለውኛል። ከተማ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ነዳሁት፣ ደህና ነበር። ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሐረጎን አጋምሼ የኋላው የፍሬን እጀታ ከመሪው ጋር ተገናኘ። እጄ ሙሉ በሙሉ ተጨብጧል፣ ሳይክሉ ግን አይቆምም። የፊቱ ብቻውን ሆኖ በዳር በኩል አወጣኝ። ታች ወርጄ ስፈታው የውጩ ሸራ ተበልቶ ብረቱ ቀርቷል። የውስጡ ገና አዲስ ነበር፣ ዲስኩን ነክቶት አያውቅም። አስተካክለውት ቢሆን ኖሮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል፤ ያን ሳይክል ሌላ ልጅ ገዝቶት ቢሆንስ እላለሁ።

ስለዚህ በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ካላችሁ በየሁለት ሳምንቱ ሸራውን እዩ። በክረምት በየሳምንቱ። የሸራው ውፍረት፣ ከኋላው ያለውን ብረት ሳትቆጥሩ፣ 1 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ቀይሩ። ሽቦው እጀታው ጋ የሚገባበት ቦታ ላይ በእጅ የሚዞር ክብ ማጥበቂያ አለ። የውጩን ሸራ የሚያቀርበው እሱ ነው። የውስጡን ግን ከጎማው በኩል ያለውን ብሎን በማዞር ታቀርቡታላችሁ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያውቃል።

በዘይት የሚሠራው በአያያዙ ከሁሉም ይበልጣል። በአንድ ጣት ይቆማል። ሸራው ሲያልቅ ራሱን ያቀርባል። መስመሩ ዝግ ስለሆነ ጭቃ አይገባበትም። እጃቸው አነስ ላለ ሰዎች፣ ለሴቶችና ለልጆች፣ ድካሙ በጣም ይቀንሳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ እጅ እንደሚዝል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ታዲያ ለምን ሁላችሁም እሱን ግዙ አልልም? ሲበላሽ መንገድ ዳር ስለማይሠራ ነው። መስመሩ ውስጥ አየር ከገባ እጀታው እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ምክንያቱም አየር ይታመቃል፣ ዘይት አይታመቅም። አየሩን ለማውጣት ለዚያ ፍሬን የተሠራ መርፌና ቱቦ፣ ትክክለኛው ዘይትና የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። የደሴና የኮምቦልቻ መካኒኮች ጎበዞች ናቸው። የመኪና ፍሬን አየር ሲያወጡ ውለው ያድራሉ፣ መርሁም ያው ነው። የሚጎድለው ዕቃው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት መካኒካችሁን «ይህንን ሠርተህ ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

የዘይቱ ነገር

እባካችሁ ይህንን ለምታውቁት ሳይክል ነጂ ሁሉ ንገሩ። የሳይክል ፍሬን ዘይት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዶት የሚባለው ነው፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የምታገኙት ዓይነት፣ ዶት 4 ለምሳሌ። ሌላው ሚኔራል ዘይት ነው። ሁለቱ ፈጽሞ አይደባለቁም። የሺማኖ፣ የቴክትሮና የማጉራ ፍሬኖች የሚሠሩት በሚኔራል ዘይት ነው። እነሱ ውስጥ የመኪና ፍሬን ዘይት ከጨመራችሁ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች ያብጣሉ፣ ይበላሻሉ። ያኔ ፍሬኑ ይከዳችኋል። ብዙ ጊዜም ሙሉውን ከመቀየር ሌላ መድኃኒት የለውም። ዶት የሚጠቀም ፍሬን ውስጥ ሚኔራል ቢጨመርም ውጤቱ ያው ነው። ስራም የተባለው ድርጅት ለረጅም ጊዜ ዶት ሲጠቀም ቆይቶ አንዳንድ አዳዲሶቹን ወደ ሚኔራል ቀይሯል። ስለዚህ በስም ብቻ አትመኑ። የትኛው እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ እጀታው ላይ ወይም ክዳኑ ላይ ተጽፏል፣ እሱን አንብቡ።

መካኒኩ በቅንነት «የፍሬን ዘይት ፍሬን ዘይት ነው» ብሎ ሊሞላላችሁ ይችላል። መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፣ ሳይክል ላይ ግን አያስኬድም። ባለ ዘይት ፍሬን ከገዛችሁ የዘይቱን ዓይነት ወረቀት ላይ ጻፉና ከሳይክሉ ጋር ያዙት። ብትችሉ አንድ ትንሽ ጠርሙስ አብራችሁ ግዙ።

ሌላም አለ። ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ አውቶቡስ ላይ ስትጭኑ ጎማው ይፈታል። ጎማው ወጥቶ ሳለ ማንም የፍሬኑን እጀታ እንዳይጨብጥ ንገሩ። መሃላቸው ዲስክ ስለሌለ ሸራዎቹ ተገፍተው ይጋጠማሉ፣ መልሶ ማላቀቁም ያስቸግራል። ከካርቶን ቁራጭ አጥፋችሁ በሁለቱ ሸራዎች መሃል ሸጉጡ። አለቀ።

ሸራና ናፍጣ

ሸራም ዓይነት አለው። ሬዚን የሚባለው ለስላሳ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ገና ሳይሞቅ ይይዛል። በጭቃና በሙቀት ግን ቶሎ ያልቃል። ከብረት ዱቄት ተጋግሮ የሚሠራው ጠንካራ ነው። ዝናብ ላይ ይጮሃል፣ ግን ይይዛል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ሐረጎን ለሚመላለስ ሰው ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ነገር ግን አንዳንድ ርካሽ ዲስኮች ላይ በእንግሊዝኛ «ለሬዚን ሸራ ብቻ» የሚል ጽሑፍ አለ። እሱ ካለ ብረቱ ሸራ ዲስኩን ይጨርሰዋል።

እኛ አገር ሰንሰለት የሚታጠበው በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ነው። ክፋት የለውም። ዲስክ ፍሬን ካላችሁ ግን አንዲት ጠብታ ዲስኩ ላይ እንዳታርፍ። ሸራው ቅባቱን ይጠጣዋል፣ ከዚያ በኋላ እየጮኸ ይንሸራተታል። ዲስኩን ከመድኃኒት ቤት በተገዛ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ማጽዳት ይቻላል። የጠጣው ሸራ ግን ብዙ ጊዜ አይድንም፣ ይጣላል። ሰንሰለቱን ስታጥቡ ሁለቱንም ጎማ ብታወጡ ጥሩ ነው፣ ካልሆነ ዲስኩን በፌስታል ሸፍኑት። በእጃችሁም አትንኩት። የሰው እጅ ቅባት አለው፣ ገና ከወረዳችሁ ደግሞ ዲስኩ ያቃጥላል።

የዲስኩ ስፋትስ? 160፣ 180 እና 203 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ናቸው። ሰፊ ዲስክ የበለጠ ይይዛል፣ እጀታው ረጅም የሆነ መፍቻ ብሎኑን በቀላሉ እንደሚያላላው ማለት ነው። ሙቀቱንም ቶሎ ያስወጣል። ለአንድ ሰው 160 ይበቃል። ክብደታችሁ ከፍ ካለ ወይም ፖርቶመጋላ ላይ ዕቃ የምትጭኑ ከሆነ ከፊት 180 ፈልጉ።

ከፍሬኑ ውጪ ያለው

የኋላ አሞርዛተር ያለውን ርካሽ ሳይክል ተዉት። ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ፔዳል በመታችሁ ቁጥር እየተነሳ እየተቀመጠ ጉልበታችሁን ይበላል፣ መገጣጠሚያዎቹም ይላላሉ። ለእሱ የወጣው ገንዘብ ከፍሬኑና ከጎማው ላይ የተቀነሰ ነው። የፊት አሞርዛተር ይበቃል፣ ለዳገት የሚቆለፍ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ማርሽ ላይ 21 የሚለው ቁጥር አያታልላችሁ። ጥርስ ቁጠሩ። ከፊት ትንሹ 28 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁም 28 ከሆነ፣ ፔዳሉን አንድ ጊዜ ስታዞሩ ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። በ26 ኢንች ጎማ 2 ሜትር ያህል ነው። ለደሴ ዳገት ይከብዳል። ከፊት 24፣ ከኋላ 32 ከሆነ ግን አንድ ተኩል ሜትር ብቻ ትሄዳላችሁ። ቀስ ትላላችሁ፣ ግን ሳትወርዱ ትወጣላችሁ።

የጎማው ልክ 26፣ 27.5 ወይም 29 ኢንች ይሆናል። ትልቁ ኮብልስቶንን በቀላሉ ያልፈዋል። እኔ ግን ቆሜ የምጠይቀው «የዚህ ከመነዳሪ እዚሁ ይገኛል?» ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ በቀላሉ የሚገኘው የ26 ነው። ቫልቩ ደግሞ እንደ መኪናው ወፍራም ይሁን። ቀጭኑ ቫልቭ ማገናኛ ከሌለ ጎሚስታ ጋ አይሞላም። ጎሚስታ ስትሄዱ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን የአየር መጠን ንገሩት፣ የመኪና ያህል ከሞላው ይፈነዳል።

ቴላዮው ልካችሁ መሆኑን ለማወቅ ሳይክሉን መሃል አድርጋችሁ ሁለት እግራችሁን መሬት አስረግጡ። ከላይኛው ቱቦ በላይ ሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ይኑር። ቁመቱ ከ165 እስከ 175 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ 17 ኢንች ይሆነዋል። አጭር ቴላዮ ላይ የተቀመጠ ረጅም ሰው ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ እሱ አደገኛ ነው። ብረት ቴላዮ ከባድ ነው፣ ግን ሲሰበር የትኛውም በያጅ ይበይደዋል። አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ ብየዳው ግን ልዩ ሙያ ይፈልጋል።

ሱቁ በር ላይ የሚደረግ ሙከራ

ሳትነዱ አትግዙ። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የቱ እጀታ የፊቱን ፍሬን እንደሚይዝ እዩ። አንዳንድ አገር የፊቱ በቀኝ ነው፣ አንዳንድ አገር በግራ። የለመዳችሁት ሌላ ከሆነ ደንግጣችሁ የተሳሳተውን ትይዛላችሁ።

ከዚያ እጀታውን ጨብጡት። መሪውን ሳይነካ፣ ገና ግማሽ ሲደርስ ጠንክሮ መቆም አለበት። ባለ ዘይት ከሆነ አጥብቃችሁ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። እየሰመጠ ከሄደ ወይ አየር አለው ወይ ያፈሳል። የፊቱን ፍሬን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደ ፊት ግፉት፣ የኋላው ጎማ ከመሬት መነሳት አለበት። ፊቱ ተይዞ መሪው ጋ ኳ ኳ የሚል ነገር ካለ ላልቷል ማለት ነው። ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩና አዳምጡ፣ ዲስኩ ዙሪያውን እየተፋተገ መሆን የለበትም።

አዲስ ሳይክል ከካርቶን ወጥቶ ሲገጣጠም አንዳንዴ የፊቱ ሹካ ተገልብጦ ይገጠማል። ሳይክሉ ላይ እንደተቀመጣችሁ ወደ ታች እዩ። ዲስክ ያለው ሳይክል ከሆነ የፊቱ ዲስክ በግራ እግራችሁ በኩል መሆን አለበት። በቀኝ ከሆነ ሹካው ተገልብጧል።

ሐረጎን መውረድ

አዲስ ሸራ በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ኃይሉ አይይዝም። ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ሰው በሌለበት ቀለል ያለ ተዳፋት ላይ ፍጥነት ያዙና ጠንከር አድርጋችሁ ፍሬን ያዙ፣ ሊቆም ሲል ልቀቁ። ይህን ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ ደጋግሙት። አያያዙ እየጠነከረ ሲመጣ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። ሐረጎ ከዚያ በኋላ።

ብዙ ሰው የፊቱን ፍሬን ይፈራል፣ ስለዚህ በኋላው ብቻ ይወርዳል። ስህተት ነው። ፍሬን ስትይዙ ክብደታችሁ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀልላል፣ ቶሎም ይንሸራተታል። በደረቅ አስፋልት ዋናው ያዥ የፊቱ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ፣ ቀስ በቀስ እያጠበቃችሁ፣ ወገባችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ ያዙ። እርጥብ ኮብልስቶንና ጠጠር ላይ ግን የፊቱን በጣም በጥንቃቄ፣ በተለይ መሪው ዞሮ ሳለ።

ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት ነው። ፍጥነታችሁን ቀድማችሁ ቀንሱ፣ መታጠፊያው ውስጥ ልቀቁት። ቀጥ ያለው ላይ ስትደርሱ ነፋሱ ይሥራላችሁ፣ ፍሬኑም ይተንፍስ። ሁልጊዜ በትንሹ እየነኩ መውረድ ነው ሙቀት የሚያከማቸው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆንም አትርሱ። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአምስት ሜትር የሚቆም ሳይክል በ40 ሲሆን ሃያ ሜትር ይፈልጋል። ፊታችሁ ያለው ባጃጅ ተሳፋሪ ሲያይ ሳይነግራችሁ ነው የሚቆመው። ጉም በወረደ ቀን ደግሞ ባጃጁንም አታዩትም፣ አህዮቹንም። በዚያ ቀን ሳይክሉን ቤት አሳድሩት፤ ታክሲ ያዙ።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ የገዛው ሌላ ሳይክል ነው። ባለ ሽቦ ዲስክ፣ 160 ከፊትም ከኋላም፣ 26 ኢንች፣ የፊት አሞርዛተር ብቻ። ቀለሙ ግራጫ ነው። ባተረፈው ብር ሄልሜትና ሁለት ጥንድ ሸራ ገዛ። ሸራዎቹን በፌስታል ጠቅልሎ ኮርቻው ሥር አስሯቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ደወለልኝ፣ ከኋላው የእናቱ ድምፅ ይሰማል። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ ዲስኩን እንዳቀዘቀዘ ነገረኝ። ሲመለስ ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ ጭኖ ነው። ዳገቱን ገና አልሞከረውም።